ከቤት የማይወጣ ፊልም

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሕዝቅኤል፣

ሰላምታዬ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ሆሳዕና እስኪደርስ ስንት መኪና እንደሚቀይር አላህ ይወቅ፤ ሲደርስዎ ትኩስ እንደሆነ ይቁጠሩልኝ። ባለቤትዎ ወይዘሮ ፀደንያስ እንዴት ናቸው? የተዛወሩበት መሥሪያ ቤት ተስማማቸው? እኛ ደህና ነን። አባቴ ፎቶ ቤቱን ከፍቶ ይውላል፤ እማዬም እንደ ልማዷ ከመጋረጃው ጀርባ ከኮምፒውተሯ ጋር ናት።

በስልክ ላወራዎት ሞክሬ ነበር። እርስዎ «ሃሎ» ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ስናገር ግን እርስዎ አይሰሙም። ኢንተርኔቱም አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ኮምፒውተር ያስተማሯት ልጅ በእስክርቢቶ ስትጽፍልዎ አይሳቁባት።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። እኔ የትኛው ዲስክ ይሻላል ብዬ ብልክልዎ፣ እርስዎ «ቢጠፋብሽ የሚያስለቅስሽ የትኛው ፊልም ነው?» ብለው መለሱልኝ። መጀመሪያ ተናደድሁ። ሳስበው ግን መልሱን ካወቅሁት ቆይቻለሁ።

እንደሚያውቁት አባቴ የሠርጉን የወንዶች ድንኳን ይቀርጻል። የሂናውን ለት ግን የምትቀርጸው እማዬ ናት። ሴቶች ብቻ ተሰብስበው፣ ሻሹ ወርዶ፣ ፀጉሩ ተፈትቶ ድቤ በሚመታበት ቤት ወንድ አይገባም። እማዬ ካሜራውን ከመክፈቷ በፊት የሙሽራዋን እጅ ይዛ «ፊልሙ ከቤቴ አይወጣም፣ የወንድ ዓይን አያርፍበትም» ብላ ቃል ትገባለች። ቃሉን ስለጠበቀችም ከወረታ፣ ከይፋግ፣ ከእንፍራንዝ ድረስ ይጠሯታል። አባቴ እንኳ ከእነዚያ ሁሉ ፊልሞች አንዱን አይቶ አያውቅም።

ችግሩ ሁሉም ያሉት በአንድ ዲስክ ላይ መሆኑ ነው። ዱሮ በዲቪዲ ታስቀምጥ ነበር፤ የሐይቁ እርጥበት ሲያሻግታቸው ወደ ዲስኩ አዛውራ ጣለቻቸው። አሁን ደግሞ ዲስኩ ሲከፈት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል።

የሚያስለቅሰኝ የራሴ ነው። ስስታም አይበሉኝ። እማዬ ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ስለሆነች በማንም ሠርግ ላይ አትታይም። እኔ ሙሀመድአወልን ሳገባ ግን የሙሽራ እናት ናትና ካሜራውን ለአክስቴ ሰጥታ መሐል ገባች። እናቴ ስትጨፍር ያየሁት ያን ለት ብቻ ነው። ያ ፊልም ከጠፋ እሷ የለችም ማለት ነው።

ኢንተርኔት ላይ ይሁን? ሁለተኛ ዲስክ ይገዛ? ወይስ ለእርስዎ ልላክልዎ? ቶሎ ይንገሩኝ።

አክባሪዎ ሰሚሐ ሰላህ

*

ሆሳዕና፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሰሚሐ፣

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ፀደንያ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ታጋልጠኛለች። እውነቱ እየጻፍኩ ስቀድ ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤ ፈተና መስሎ ወጣ፤ ሁለተኛው ስብከት ሆነ።

ይህን ስታነቢ ዲስኩ ተሰክቶ ከሆነ ንቀይው። የሚጮህ ዲስክ እንደ ጠና ታማሚ ነው፤ ብዙ አያናግሩትም። በሰካሽው ቁጥር ዕድሜውን ትቀንሽበታለሽ። አዲስ ዲስክ ገዝተሽ ስትዘጋጂ ብቻ ክፈችው፤ ከፍተሽም መጀመሪያ የሚያስለቅስሽን ገልብጪ። ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ። ሌላው ከዚያ በኋላ እንደ ጉልበቱ ይውጣ።

ኢንተርኔት ላይ ስላልሽው፣ በእናንተ አገር መስመር አንዱን ፊልም ሰቅለሽ እስክትጨርሺ ሙሽራዋ ልጅ ወልዳ ትድራለች። ደግሞ ለእናትሽ ለወይዘሮ ዘይነት «ደመና ላይ ተቀምጧል» ብትያቸው «የማን ደመና?» ማለታቸው አይቀርም። ጥያቄው ልክ ነው።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ሦስት ቅጂ ይኑርሽ፤ አንዱ ግን ከከተማው ውጪ ይሁን። በዚህ ፖስታ ውስጥ ባለው ፍላሽ ላይ መቆለፊያ ፕሮግራም አለ። በእሱ የተቆለፈ ፊልም ያለ ይለፍ ቃል አይከፈትም። ሦስተኛውን ቆልፈሽ ወደ እኔ ላኪው፤ እኔ መሳቢያ ውስጥ ከማስቀመጥ በቀር ሌላ አላውቅለትም።

ስለ እናትሽ የሆነ ነገር ልንገርሽ። እዚያ ኮሌጅ ሳስተምር ፊልም መቁረጥ አስተምረኝ ብለው ቢሮዬ መጡ። ኮምፒውተሩን ከፈቱና ስክሪኑን ወደ ራሳቸው አዞሩት። ያዩትን በቃል ይነግሩኛል፣ እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ «ከላይ በግራ በኩል ያለውን ይጫኑ» እላቸዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ እንዲያ አስተማርኳቸው። በዲግሪ ካስመረቅኳቸው ከብዙዎቹ በልጠው የወጡት እሳቸው ናቸው። ይህን እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ እሳቸው ስላልነገሩሽ ነው።

መልካሙን ሁሉ የሚመኝልሽ፣ ሕዝቅኤል

*

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሕዝቅኤል፣

እግዜር ይስጥልኝ፤ ፍላሹ በሰላም ገባ። አዲሱንም ዲስክ ገዝተናል። ኢንተርኔቱ በመጣ ቀን «የአንቺ ተገለበጠ ወይ?» ብለው ለላኩልኝ መልሱ አልተገለበጠም ነው። ሌላውም አልተገለበጠም። ቁጭ ብለው ያንብቡኝ።

ደብዳቤዎን ለእማዬ አነበብሁላት። ስለ ክረምቱ ትምህርት የጻፉት ላይ ስደርስ አንገቷን ደፋች፤ ደስ ሲላት እንዲያ ነው የምትሆነው። ከዚያ ቀና ብላ «ሳልጠይቃቸው አልገለብጥም» አለች።

«ማንን ነው የምትጠይቂው?»

«ሙሽሮቹን ነዋ። ቃል የገባሁት ለዲስኩ አይደለም። ፊልሙ አንድ ነው፣ እኔ ቤት ነው ብዬ ነው። ሁለት ካደረግሁት ማወቅ አለባቸው።»

ይቆለፋል ብላት ቁልፍ ለሌባ እንጂ ለአማና፣ ለአደራ፣ አይሆንም አለችኝ። ወደ እርስዎ ይላክ ያሉትንም፣ «ጋሽ ሕዝቅኤልን አከብራቸዋለሁ፤ ግን ወንድ ናቸው» ብላለች። ይህን እንዳልጽፍ ለምኛት «ጻፊው፣ እሳቸው ይገባቸዋል» አለችኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እሺ፣ ሌሎቹ ይጠየቁ። የእኔስ? «ሙሽራዋ እኔ ነኝ፤ ፈቅጃለሁ፤ ዛሬውኑ ገልብጪው» አልኋት። ምን አለችኝ መሰለዎት? «የቤት ሰው ከእንግዳ ቀድሞ ማዕድ አይነካም። የሰው አማና ይውጣና የእኛ መጨረሻ ይሆናል።» ዲስኩ እስከዚያ ላይቆይ እንደሚችል ነገርኋት። ከቆየ የአላህ ፈቃድ ነው፣ ካልቆየም የሰው ወጥቶ ይሁን አለች። ተኳርፈን ሰነበትን። አባቴ በመሐላችን የሻይ ብርጭቆ እያመላለሰ ለሁለታችንም «ልክ ነሽ» ይላል፤ እሱ ሁሌም እንዲያ ነው።

ኋላ ወረታ አብሬያት ሄድሁ። እትዬ ጦይባ ዘንድ ገባን፤ ከመጀመሪያዎቹ ሙሽሮች አንዷ ናት፣ ዛሬ ሩዝ መፈልፈያ ቤት አላት። ባሏ እስኪወጣ እማዬ ስለ ዝናቡና ስለ ሩዙ አወራች። ሲወጣ «ጦይባዬ፣ ፊልምሽ ታሟል። ካልገለበጥሁት ይጠፋል፣ ከገለበጥሁት ሁለት ይሆናል። ምን ላድርግ?» አለቻት። ሴትዮዋ «እናቴ አለችበት አይደል?» ብላ ጠየቀች። አለች አልናት። «አድርጊው፤ እንዲያውም ሦስት አድርጊው» አለች፣ እንባዋም መጣ።

በመኪና ስንመለስ ኩርፊያዬ ለቀቀኝ። ግን አሁንም ልክ ናት አላልሁም። እርስዎ ይፍረዱን።

ሰሚሐ

*

ሆሳዕና፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሰሚሐ፣

ፍረዱን ብለሻል። እንደ ኮምፒውተር አስተማሪ ከሆነ እናትሽ ተሳስተዋል። ደብዳቤሽን ሳነብ ጠረጴዛ መትቻለሁ፤ ፀደንያ ቡና ደፋህብኝ ብላ ትወቅሰኛለች። ሊሞት ከተቃረበ ዲስክ የሚወዱትን ትቶ የሰው ማስቀደም በየትኛውም መጽሐፍ የለም።

እንደ ሰው ከሆነ ግን አልፈርድም። ምክሬን ስጽፍልሽ ፊልም ማለት ፋይል ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ፊልም ማለት ሰው ነው አሉ። በሥራ ዘመኔ የስንቱን ሰው ፋይል ቅጂ ሠርቻለሁ፤ ባለቤቱን የጠየቅኩበት አንድ ቀን ትዝ አይለኝም። ወንድ ናቸው ያሉትም አላስከፋኝም። እንዲያውም ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ወደ እኔ ላኪው ማለት አልነበረብኝም።

እናትሽ «ቁልፉን የሠራው ሰው ሊከፍተው ይችላል ወይ?» ብለው በኋላ በላክሽልኝ መልእክት ላስጠየቁኝ መልሱ ይኸው። አይችልም። እኔም አልችልም። የፊልሙ ባለቤት ይለፍ ቃሉን ከረሳችው ደግሞ እሷም አትችልም፤ ይህንን እናትሽ ለእያንዳንዷ ይንገሯት። ሳይነግሩ ቢቆልፉ ማጥፋት ነው የሚሆነው።

ዲስኩን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ክፈቱት። የፈቀደችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገልብጡና ንቀሉት። ሌላ ማድረግ የምችለው መጸለይ ነው፤ እሱን ጀምሬያለሁ።

ሕዝቅኤል

*

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሕዝቅኤል፣

ረመዳን አለፈ፣ ዒድም በሰላም ዋለ፤ ለእናንተም መጪው ፋሲካ የደስታ ይሁን። ዝም ያልሁት ጾም አድክሞኝ አይደለም፤ ከእማዬ ጋር መንገድ ለመንገድ ስንል ነው። ስልክ የሚያነሣውን በስልክ፣ ሌላውን በእግር። አንዷን ስንፈልግ ለሦስት ሰው ሠርግ ተጠርተን ተመለስን።

የመረጥነውን ዘዴ በመልእክት ጠይቀውኛል። ለእያንዳንዷ ሦስት ቅጂ ነው። አንዱ በራሷ ቤት፣ አንዱ ከመጋረጃው ጀርባ በአዲሱ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ተቆልፎ ራሷ በመረጠቻት ሌላ ከተማ ባለች ሴት እጅ። የወረታዋ የይፋጓን ትይዛለች፣ የይፋጓ የእንፍራንዟን። የምትይዘው አትከፍተውም፤ የምትከፍተው አትይዘውም። ይህን ያወጣችው እማዬ ናት። እርስዎ «ከከተማው ውጪ ይሁን» ያሉትን ሰምታ ነው።

«እምቢ ያለች አለች ወይ?» ላሉትም፣ አለች። የእንፍራንዝ ሴት ናት፤ ስሟን እማዬ አትጻፊ ብላኛለች። ትዳሩ በክፉ ነው የፈረሰው። «አይገልበጥ ብቻ አይደለም፣ አጥፊልኝ፤ ሲጠፋም ልየው» አለች። ባሕር ዳር ድረስ አብራን መጣች። እማዬ ዲስኩን ሰካች። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ፎልደሩ እስኪከፈት ድረስ እጄን ስነክስ ነበር፤ ያን ጊዜ የእኔን መገልበጥ ይቻል ነበር። እማዬ ፊልሙን አጠፋች። ከዚያም «ይኸው፣ ከዛሬ ወዲያ የትም የለም» ብላ ሴትዮዋን አቅፋ ሳመቻት። ዲስኩንም ወዲያው ነቀለችው። ስትሄድ ሴትዮዋ ከመጣችበት ይልቅ ቀጥ ብላ ነበር የምትራመደው።

ጋሼ፣ ያን ቀን ነው እማዬ ልክ ናት ያልሁት። የእኔን ብፈልገውም ልክ ናት። በእሷ ኮርቼ ጎረቤት ሁሉ እየዞርሁ ማውራት አማረኝ፤ ግን ማን ተብሎ ይወራል።

የቀሩን ጥቂቶች ናቸው። ከዚያ የእኛ ተራ ነው።

ሰሚሐ

*

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሕዝቅኤል፣

ወይዘሮ ፀደንያ ጉንፋን ይዟቸዋል ብለው ነበር፤ ተሻላቸው? እዚህ ክረምቱ ቀድሞ ገባ። ሐይቁ ደፍርሷል፣ ጀልባዎቹም ጠዋት ጠዋት አይወጡም። አባቴ ለተመራቂዎች ፎቶ አዲስ የጀርባ መጋረጃ ሰቀለ፤ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ነው፣ አላማረኝም ብዬ አኮረፍሁት። ሙሀመድአወል ሰላም ብሎዎታል።

ዲስኩ ማክሰኞ ዕለት ቆመ። የመጨረሻዋ እንግዳ ፊልም ተገልብጦ ወጥቶ ነበር። የእኛን ፎልደር ስንከፍት ድምፁ ጠፋ።

እማዬ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።

ሰሚሐ

*

ሆሳዕና፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሰሚሐ፣

ደህና ነኝ ያልሽውን አላመንኩሽም።

አዲስ አበባ የሞተ ዲስክ የሚከፍት ሰው አውቃለሁ፤ ጎበዝ ነው። ይህን ጽፌ ብዙ ተቀመጥኩ። ሲከፍተው ማየቱ አይቀርም። እናትሽ ሻሻቸውን አውርደው የሚጨፍሩበት ነው። ለሌላ ሰው ልጅ ያላደረጉትን ለራሳቸው ያደርጉታል ብዬ አልገምትም፤ ልገፋፋቸውም አልፈልግም። ስሙን የምነግርሽ እሳቸው ራሳቸው ከጠየቁ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የነገርኩሽ ምክር በሙያው ልክ ነበር። ቢሰሙኝ ኖሮ ዛሬ ፊልምሽ በእጅሽ ነበር። እንዲህም ሆኖ ትክክል ነበርኩ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ከመቶ በላይ ቤት የየራሱን ይዟል፤ አንዲት ሴትም ሸክሟ ቀሎላታል። ይህን እናትሽ የሠሩት በትምህርቴ ሳይሆን በራሳቸው ሕግ ነው። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ስላስተማርኩ ዕድለኛ ነኝ በይልኝ።

ፀደንያ ድናለች። ስለ ፊልሙ ስነግራት አለቀሰች፤ እኔም አብሬ።

ሕዝቅኤል

*

ባሕር ዳር፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ ሕዝቅኤል፣

እንኳን አደረሳችሁ። አዲሱ ዓመት ለሁላችንም ጤና ያምጣ።

የአዲስ አበባውን ሰው እማዬ አልጠየቀችም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሩዝ ስትለቅም፣ «አንቺ ትዝ ካለሽ ይበቃኛል» አለችኝ። አይበቃኝም ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ነሐሴ ውስጥ እትዬ ጦይባ ከወረታ መጣች። ጎርፉ መንገዱን በልቶት ግማሹን በትራክተር ነው ያለፈችው። ፍላሿን በመቀነቷ ቋጥራ መጥታ «እናትሽ እንዳትሰማ፤ ነይ ቁረጪልኝ» አለችኝ። ፊልሟን ከፈተችው። የሙሽራዋ ክፍል ውስጥ መስታወት ያለው ቁም ሳጥን አለ፤ በመስታወቱ ውስጥ ካሜራ ተሸክማ የምትዘፍን ሴት ትታያለች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። እማዬ ናት። «ዲስኩ የእናንተን ይዞ መሄዱን ሰማሁ። ይችን ውሰጃት፤ እኔን ቁረጪኝና እሷን አስቀሪ» አለችኝ።

ወሬው እንዴት እንደ ደረሰ እንጃ፣ ከዚያ ወዲያ ተከታትለው መጡ። የማይመቻቸው ላኩ። የይፋጓ ሴት የእማዬን ድምፅ ብቻ አመጣች፦ «ወደ ብርሃኑ ዙሪ የኔ ልጅ፣ አትፍሪ፣ ቤቱ ያንቺ ነው» የሚል። በአንዱ ፊልም የእማዬ እጅ ብቻ ገብቶ የሙሽራዋን አንገት ጌጥ ያስተካክላል። በሌላው ጥላዋ ግድግዳ ላይ ይደንሳል። አንዷ ሙሽራ ደግሞ ካሜራውን ቀምታ ወደ እሷ አዙራዋለች፤ እማዬ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና «ኧረ ተይኝ» እያለች ትስቃለች። በዚያ ፊልም በዕድሜ ከዛሬዋ ከእኔ ታንሳለች። ድምፁን በዓመት በዓመቱ ስገጣጥመው ከቀጭን ተነሥቶ ዛሬ እስከምሰማው ድረስ ወፍሮ ይመጣል። የለችም ብዬዎት ነበር፤ በሁሉም ቤት ነበረች። እናቴን ከሰው ቤት ለቃቅሜ አመጣኋት።

አሳየኋት። ምን ትላለች ብዬ ፊቷን ስጠብቅ «እዚህ ጋ ብርሃኑን አበላሽቼዋለሁ» አለች። ከዚያ አባቴን ጠርታ መጋረጃውን ገለጠችለት። ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ገብቶ አያውቅም። እሷ ብቻ ናት ያለችበት፣ ሌላ ሴት የለም። አባቴ እስከ መጨረሻው ቆሞ አየና «ይህን ሁሉ ዓመት እየሳቅሽ ነበር የምትሠሪው?» አላት። አንገቷን ደፋች።

እንግዲህ በዚህ ፊልም ውስጥ ያለችው እሷ ናትና የምትጠየቀውም እሷ ናት። «እማዬ፣ ፊልምሽን ልገልብጠው ወይ?» አልኋት። ላስብበት ብላኝ፣ አያድርስ፣ ሳምንት ሙሉ አስጠበቀችኝ። ስትጨርስ «አንዱ አንቺ ዘንድ፣ አንዱ እዚህ ይሁን። ከከተማው ውጪ ይሁን የተባለውን ለጋሽ ሕዝቅኤል ላኪላቸው» አለች።

«ወንድ ናቸው ብለሽ አልነበር?»

«ያ የሰው ነበር። ይህ የእኔ ነው፤ ለማን እንደምሰጥ እኔ አውቃለሁ።»

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ዲስክ አለ። ተቆልፏል። ይለፍ ቃሉን አልላክሁልዎትም፤ እሷም አትላኪ ብላለች፣ እርስዎም እንደማይጠይቁ ነግራኛለች። እባክዎ መሳቢያዎ ውስጥ ያኑሩላት። እናቴ የቀረጸችው ፊልም በወንድ እጅ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሰሚሐ ሰላህ